አጋዘኑስ ደህና ነው?

በእኛ ጊዜ ሰው ከነብር ይልቅ አዋጅ ይፈራ ነበር። አትሳቂ ሐሊማ! ገና ምኑን አውርቼ ነው የምትስቂው? ይልቅ አስቀድሜ ልማልላችሁ፤ ከምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ይህችን የቀረችኝን ዕድሜ ዛሬውኑ፣ እዚሁ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አላህ ይውሰዳት። «ምን ቀርቶህ ነው የምትምልባት» የሚል ካለ ተነስቶ ይውጣ። ለእናንተ ትንሽ ናት፣ ለእኔ ግን ያለችኝ እሷው ናት፣ ስለዚህ መሐላዬ ከባድ ነው።

ያን ጊዜ እኔ አሰላ ገበያ ዳር የጨው ሱቅ ነበረኝ፣ አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ የከፈታት፣ በሯ ላይ ስትቆሙ ጭላሎ ተራራ ፊት ለፊት የሚታያችሁ። የአርሲ ሰው እንደምታውቁት እሱ ጦሙን ቢያድር ግድ የለውም፣ ከብቱ ግን ጨው ሳይልስ አይከርምም። ላም ጨው ካጣች ትቆጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች፣ እና ከብት ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከሁሉም የምወደው ደንበኛዬ ኦቦ ቃሶ ነበር፣ አላህ ይዘንለት፣ ከጭላሎ እግር ሥር የሚኖር ገበሬ፣ ቁመቱ በዚህ በር አያስገባውም፣ ጥርጣሬው ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። ሰላም ስትሉት በልቡ «ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ዝናብ እንኳ ሲዘንብለት ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ «አሁን ይሄ ለምንድነው?» የሚል ሰው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ነጋሪት ተመታ። ሰው ሁሉ ገብሱንም ፍየሉንም ትቶ ተሰበሰበ። አዋጅ ነጋሪው አንድ ድምፁ የተሰነጠቀ ሰውዬ ነው፣ ሳጥን ላይ ቆመና፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! የደጋ አጋዘን ያለ መንግሥት ፈቃድ የገደለ፣ ያጠመደ፣ ቀንዱን ይዞ የተገኘ ይቀጣል! እየጠፋ ያለ አውሬ ነውና ሕግ ይጠብቀዋል!» ብሎ ጮኸ።

እናንተ ዛሬ ብትሰሙ «ጥሩ ሕግ ነው» ትላላችሁ፣ አጨብጭባችሁም ትሄዳላችሁ። እኛ ግን ተያየን። አንዱ «አጋዘን ሊቆጥሩ ነው፣ ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ በሬያችን ይመጣሉ» አለ። ሌላው «የለም፣ ፈረንጅ ሊያመጡ ነው» አለ። አንዷ ቅቤ ሻጭ ደግሞ «እኛንስ ማን ይጠብቀን ብለው ነው?» አለች። ኦቦ ቃሶ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር፣ እና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ ጎንበስ ለማለት እንኳ ጊዜ ይወስድበታል፣ «ሸምሱ፣ ዛሬ አጋዘኑን አትንኩ አሉን። ነገ የሚግጠውን ሣር አትንኩ ይሉናል። ከነገ ወዲያ ሣሩ የበቀለበትን መሬት አትንኩ ይሉናል። መንግሥት የማይበላውን ነገር መቼ ወዶ ያውቃል?» አለኝ።

እኔ ሳቅሁበት። ለምን ሳቅሁ!

ብዙም አልቆየ፣ ኦቦ ቃሶ ፈረሱን በላብ አጥምቆ ሱቄ ደጃፍ ደረሰ።

«ሸምሱ፣ በሩን ዝጋው» አለኝ።

«ገበያ ነው እኮ ኦቦ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቤቴ ሰላይ ገብቷል።»

«ማን የሚባል?»

«አይናገርም። ከላሞቼ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፣ ጨው ይልሳል፣ ከዚያ ቆሞ ያየኛል። ዓይኑን አያርገበግብም።»

«ያይዎታል?»

«ያየኛል እልሃለሁ! ግንባሩ ላይ ማዕረግ አለው።»

ሱቄን ዘግቼ አብሬው ወጣሁ። ደረስን፣ እና አየሁት። ልጆቼ፣ አጋዘን አይታችሁ አታውቁም! መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን የምታዩት ጥጃው ነው። የእኛው ወንዱ ነው፣ ጀርባው ላይ ጋማ የመሰለ ፀጉር ቆሟል፣ ቀንዱ ጠምዘዝ እያለ ይወጣል ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አሞራ አርፎ ጎጆ ቢሠራ እሱ አይሰማውም። በበረቱ በር ሲገባ ቀንዱ የቤቱን ክዳን እየነካ ሣር ይነቅል ነበር። እና ግንባሩ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል፣ እንደ አስር አለቃ ማዕረግ ያለ ነጭ ምልክት ተጋድሟል። ኦቦ ቃሶ አልዋሸም። ከላሞቹ መሃል ቆሞ፣ ከገንዳው የእኔን ጨው እየላሰ፣ ቀና ብሎ አየኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳላስበው ኮፍያዬን አወለቅሁ።

የኦቦ ቃሶ ሚስት አዴ ሩቂያ ከበረቱ ወጣች፣ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። «ሰላይ ነው ይላል፣ ሰማኸው ሸምሱ? ሰላይ ቢሆን እንዲህ ይበላል? የጓሮዬን ጎመን ጨርሶ ገብሱን ጀምሯል። ሰላይ ሲበላ እንኳ ዙሪያውን ያያል፣ ይሄ ግን አማች ነው የሚመስለው!» አለች።

«ታዲያ ለምን አያባርሩትም?» አልኩ።

ኦቦ ቃሶ ክንዴን ያዘኝ። «ባባርረው አንዱ ጫካ ውስጥ ይገድለዋል፣ ከዚያ ከቃሶ በረት የወጣው ነው ይሉኛል። ባላባርረው ገብሴን ይጨርሳል። እዚህ ቢሞትብኝ ደግሞ አለቀልኝ። አየህ እንዴት አድርገው እንዳሰቡት?»

«እነማን?»

«የላኩት!»

እና እኔ እንግዲህ ጨው መስጠት ያቁሙ ብዬ መከርኩ። አቆሙ። ላሞቹ ተቆጡ፣ ወተት ከለከሉ፣ አጋዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ገንዳውን በቀንዱ እየመታ «የት አለ?» ይል ጀመር። መልሰው ሰጡት።

አሁን ደግሞ ዋናው ሰው መጣ። ጭቃ ሹሙ፣ ወንዳፍራሽ ይባል ነበር፣ በዚያ ቀበሌ ሕግ የሚያስፈጽመው እሱ ነው። በበቅሎ ተቀምጦ፣ ጃንጥላ ይዞ መጣና ከበቅሎው ሳይወርድ፣ አፍንጫውን እንዲህ ከፍ አድርጎ፣ «ኦቦ ቃሶ! አዋጁን ሰምተሃል?» አለው።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«ይህ አውሬ የመንግሥት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አደራው በአንተ ላይ ነው። የጠፋ ቀን ገድለህ በልተኸዋል ነው የምለው፣ ሌላ ወሬ አልሰማም።»

ይህን ሲል ግን ልጆቼ፣ ዓይኑ አጋዘኑ ላይ አልነበረም። ከኦቦ ቃሶ ቤት ጀርባ በጋ ከክረምት የማትደርቅ ምንጭ አለች። እሷን ነበር የሚያየው። ስንት ጊዜ «ልቀቅልኝ» ብሎት ኦቦ ቃሶ እምቢ ብሎታል። ኦቦ ቃሶ አሰላ እስር ቤት ከገባ ያንን መሬት ማን ይይዘዋል? ሕግ የሚያስፈጽመው ሰው ነዋ! እኔም የዚያን ቀን ሳቄን አቆምኩ። «ኦቦ፣ አሁን ገባኝ» አልኩት። «ዛሬ ነው የገባህ?» አለኝ፣ እና በጣም አዘነብኝ።

ታዲያ ይህ ሰው፣ ማንበብ አያውቅ፣ ጠበቃ የለው፣ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? የአርሲ ሰው ሰላምታውን ታውቃላችሁ፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ሣሩ ደህና፣ ጎረቤት ደህና፣ ዝናቡ ደህና ተባብሎ ሳይጨርስ አይላቀቅም። ቤት እየተቃጠለ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ሰላምታው ያልቃል፣ ከዚያ «ቤትህ እየተቃጠለ ነው» ይባላል። ኦቦ ቃሶ በጁምዓ ቀን ከመስጊድ ሲወጣ ቆመና፣ «ወገኖቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰላም ስትሉኝ አጋዘኑንም ጠይቁኝ። ደህና መሆኑን በየቀኑ ከአፌ ስሙ። አንድ ቀን ደህና አይደለም ካልኳችሁ ያን ጊዜ ኑና እዩልኝ» አላቸው። ገባችሁ? አገሩን በሙሉ ምስክር አደረገው!

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! «ልጆችስ?» «ደህና።» «ከብቶችስ?» «ደህና።» «አጋዘኑስ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።» መጀመሪያ ኦቦ ቃሶን ብቻ ነበር የሚጠይቁት። ቆየና ሰው ለመደው፣ ምላሱ ላይ ተጣበቀ፣ እና እርስ በርሱ ይጠያየቅ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ያዙት። ዲክሲስ ገብስ ልሸምት ሄጄ «አጋዘኑስ?» ተባልኩ። ጎበሳ ልቅሶ ቤት ተባልኩ። አቦምሳ እንኳ፣ ቆላው ድረስ፣ የደጋ አጋዘን በሕልሙም ረግጦት በማያውቅ አገር፣ አንድ ከብት ነጋዴ እጄን ይዞ «አጋዘኑስ ደህና ነው?» አለኝ። ምን ልበል? «ደህና ነው» አልኩ፣ ሄድኩ።

ትጠራጠሪያለሽ ሐሊማ፣ አይሻለሁ። ጠርጥሪ። ያን ዘመን ያልጠረጠረ ሰው መሬት አልነበረውም።

እና አንድ ቀን የጭቃ ሹሙ አሽከር ሱቄ መጣ። «ጨው ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት። «ጨምር» አለ። ጨመርኩ። «አሁንም ጨምር» አለ። እኔ ቆምኩ፤ ጌታው ያለችው አንዲት በቅሎ ናት፣ ላም የለው፣ በሬ የለው።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለበቅሎዋ ነው።»

«በቅሎዋን ባሕር ልታደርጓት ነው እንዴ?»

አልሳቀም። ዓይኑን ሰበረ፣ ተሸክሞ ወጣ። በማግስቱ ሱቄን ዘጋሁና ፈረስ ለምኜ ወደ ላይ ጋለብኩ፣ ዝናቡ ደግሞ ያወርደዋል፣ ምን ዓይነት ዝናብ መሰላችሁ፣ ፈረሱ እየዋኘ ነው የሄደው። ኦቦ ቃሶ ቤት ስደርስ በረቱ ውስጥ ላሞቹ ብቻ ናቸው። አጋዘኑ የለም። ኦቦ ቃሶም የለ። ጎረቤት «ጠዋት አጋዘኑ ከላሞቹ ጋር አልመጣም፣ ኦቦ ቃሶ ‹ዛሬ ደህና አይደለም› ብሎ ሳይጨርስ ፖሊስ መጥቶ አስሮ ወደ ጭቃ ሹሙ ግቢ ወሰደው» አለኝ።

ሄድኩ። የቀበሌው ሰው ሁሉ ዝናቡን ሸሽቶ በጭቃ ሹሙ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጣብቆ ቆሟል። ኦቦ ቃሶ መሃል፣ እጁ ወደ ኋላ በገመድ ታስሮ። ከአሰላ የመጣው አስር አለቃ ፊቱ እንደ ተቆለፈ በር ነው፣ ሳቅ የሚባል ነገር በደመወዙ ውስጥ የለም።

«አጋዘኑ የት ነው?» አለ አስር አለቃው።

«አልመጣም ጌታዬ። ላሞቹ መጡ፣ እሱ አልመጣም።»

ጭቃ ሹሙ ተንጠራራና፣ «በልቶት ነው! ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለዘመዶቹ አብልቶታል! አሁን ሆዳቸውን ብትመቱት ይጮኻል!» አለ።

አዴ ሩቂያ ከኋላ፣ «እኛ በልተን ቢሆን አንተ ሳትጋበዝ ትቀር ነበር?» አለችው። ሰው ሳቀ። አስር አለቃው አልሳቀም።

እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። «ጌታዬ፣ ትናንት ከዚህ ግቢ ሰው መጥቶ ብዙ የከብት ጨው...» ስል፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ምንድነህ?» አለ። «ነጋዴ ነኝ።» «ወደ ጨውህ!» አለኝ። አለቀ። ምስክርነቴ ይቺው ናት። «አንሱት፣ ወደ አሰላ!» ብሎ አዘዘ። ኦቦ ቃሶ እኔን አየኝ፣ እና አልተናደደም፣ አላለቀሰም። «ምንጯን ዝጉልኝ፣ ከብቱ እንዳያደፈርሳት» ብቻ አለ። መሬቱን እንደማያገኘው አውቋል።

ልክ በዚህ ጊዜ የጭቃ ሹሙ ሚስት እትዬ አስካለ ለፖሊሶቹ ዳቦ በሰፌድ ይዛ ብቅ አለች። ደግ ሴት ነች፣ ከሸዋ በሕፃንነቷ መጥታ እዚያው አርሲ ያደገች፣ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ምንም አልሰማችም፣ ጓዳ ነበረች። አዴ ሩቂያ አየቻት። እና ባሏ በገመድ ታስሮ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ሄደች፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ጀመረች።

«አስካሌ! አካም? ፈያ? ደህና ነሽ?»

«ፈያ! ሩቂያ እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ኢጆሌን ፈያ? ልጆቹ ደህና?»

«ፈያ፣ ፈያ።»

«እህትሽስ?»

«ደህና ናት።»

«ወገብሽስ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ተሽሎኛል።»

«በቅሎዋስ?»

«ደህና ናት።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አጋዘኑስ?»

«ደህና ነው፣ ብቻ በቅሎዋን አላስተኛም አላት እንጂ...»

ሰፌዱ እጇ ላይ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ዝናቡ እንኳ ቆመ። አስር አለቃው ቀስ ብሎ ዞረና፣ «እትዬ፣ ምን አሉ?» አላት። እሷ ባሏን አየች፣ ሰፌዱን አየች፣ «እኔ... ሰላምታ ነው እኮ ያልኩት» አለች።

እና ያን ጊዜ ከግቢው ዳር፣ ከበቅሎዋ ጋጣ፣ ድው! አለ። ድው! ድው! ጋጣው ከነምሰሶው ተነቃነቀ። አስር አለቃው ራሱ ሄዶ መወርወሪያውን ሳበው። አጋዘኑ ወጣ። ጨው ቅንድቡ ላይ ሁሉ ነጭ ሆኖ ተበትኗል፣ የጭቃ ሹሙ ጃንጥላ ቀንዱ ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። አስር አለቃው ፊት ቆመ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ያ ነጭ ምልክት አስር አለቃው ፊት ለፊት ሆነ፣ እና አስር አለቃው፣ ወላሂ፣ ተረከዙን ገጭ አድርጎ እጁን ወደ ኮፍያው አነሳ። ሰላምታ ሰጠው! ልማድ ነው፣ እጁ ቀደመው። አጋዘኑም ራሱን ነቀነቀ፣ ጃንጥላው ወደቀ፣ አጥሩን ባንድ ዝላይ አለፈና ወደ ጭላሎ ሽቅብ።

ጭቃ ሹሙ ያን ጊዜ ወደ አስር አለቃው ሮጠ። «እኔማ ለደኅንነቱ ብዬ ነው! እንዳይገድሉት ብዬ...»

«አዋጁ ‹ያጠመደ› ይላል» አለ አስር አለቃው። ሌላ አልተናገረም። ኦቦ ቃሶን ፈታው፣ እና ሌላ ገመድ አላስመጣም፣ በዚያው ገመድ ጭቃ ሹሙን አሰረው። እትዬ አስካለ እያለቀሰች ዳቦውን ለኦቦ ቃሶ ሰጠችው። ኦቦ ቃሶ ተቀብሎ ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ለእኔ ቆርሶ ሰጠኝ፣ እኔ በልቼ እስክውጥ ጠበቀ፣ ከዚያ በላ።

«አዴ ሩቂያ አውቃ ነው የጠየቀችው?» ትሉኛላችሁ። እስክትሞት አልተናገረችም። እኔ የማውቀው ሰላምታውን ስትጀምር ዓይኗ እትዬ አስካለ ላይ አልነበረም፣ ጋጣው ላይ ነበር። ጋጣው ደጃፍ ደግሞ የበቅሎ ኮቴ ያልሆነ ዱካ ነበረ። ከብት ያረባች ሴት ናት፣ እናንተው ፍረዱ።

ወንዳፍራሽ ከእስር ተፈትቶ መጣ፣ ሹመቱ ግን አልመጣችም። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረበትም። መንገድ ላይ ያገኙትና እጁን ይዘው፣ «ልጆችስ? ደህና። በቅሎዋስ? ደህና። አጋዘኑስ?» ይሉታል። ለሰላምታ መልስ አለመስጠት ነውር ነው፣ እና እስኪሞት ድረስ አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነው» እያለ ኖረ።

ኦቦ ቃሶስ? ተማረ፣ መጠርጠሩን ተወ ትሉ ይሆናል። በሚቀጥለው ገበያ መጣና ጨው አለኝ፣ ከወትሮው አስበልጦ።

«ላሞቹ በዙ እንዴ ኦቦ?»

«ለላሞቹ አይደለም። ጫካው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አለ፣ እዚያ አስቀምጥለታለሁ።»

«ለአጋዘኑ? ሰላይ ነው አላሉም ነበር?»

ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ጎንበስ አለ። «ሰላይማ ነው። ለላኩት ሁሉን ነግሯቸዋል፣ ወንዳፍራሽን ማን ያስያዘው ይመስልሃል? እንግዲህ የሚናገር ከሆነ ስለ እኔ ደህና ነገር ይናገር» አለኝ።

እና ያች ድንጋይ እስከ ዛሬ አለች። መሃሏ ተልሶ ተልሶ ጎድጉዷል፣ ውሃ ያቁራል። ሕጉን ትጠይቁኝ እንደሆን፣ ሕጉ ጥሩ ነበር እላችኋለሁ፣ ዛሬ ጭላሎ ላይ አንድ አጋዘን ብታዩ በእሱ ነው። እኛ የጠረጠርነው ይዞት የመጣውን እጅ ነው። አሁንም መጠርጠሩን ብዙ አልተውኩም።

«እሺ አባባ ሸምሱ» አለች ሐሊማ፣ «ቀንዱ የቤት ክዳን ነቀለ ያሉት?»

እውነት ነው።

«አስር አለቃው ለአጋዘን ሰላምታ የሰጠው?»

እውነት ነው እኮ! እኔው እዚያ ነበርኩ!

«ታዲያ ‹አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን› ብለው በዕድሜዎ ምለዋል። ይችን ዕድሜ እኛም እንፈልጋታለን አባባ፣ የዋሹት ካለ አሁን ይናገሩና ይገላገሉ።»

እንዲህ አትዪኝ... እሺ። አንዲት አለች። ዝናቡ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ጣሪያ ሥር የቆምነውም ጥላ ፍለጋ ነው። በፀሐይ ሳወራው ማንም አላመነኝም፣ ዝናብ ብጨምርበት ሁሉም አመነ። በቃ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ፈረሱ ዋኘ ያልኩትም ቢሆን፣ ላቡ ነው።